ሊማሊሞ የወደቀውን መኪና የገዛሁ ጊዜ

ሐራጁ ላይ እጄን ሳወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የሚፎካከረኝ አልነበረም። ደባርቅ ዳር፣ የመንገድ ሠራተኞች ጠጠር በሚከምሩበት ሜዳ ላይ፣ ክረምት ሲፈራረቅበት የኖረ የጭነት መኪና ቆሟል። ካቢናው እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ገብቷል፤ በጎማዎቹ መካከል ሣር በቅሏል፤ ጭነት በሚጫንበት ላይ የሰፈር ዶሮዎች ይጭራሉ። ሐራጁን የሚመራው ሰው ከጎንደር የመጣ ነበርና ነገሩ አልገባውም። «ሌላ የለም? ሌላ ተጫራች የለም?» እያለ ወንዶቹን ያያል፤ ወንዶቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሊሆንሽ ነው? ዶሮ ልታረቢበት ነው?» አለኝ አንዱ ነጋዴ። ሰው ሳቀ።

«ዶሮዎቹንም ጨምሬ ነው የገዛሁት» አልኩት።

እኔ ዳባት ተወልጄ ደባርቅ ያገባሁ የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነበርኩ። ከገበሬው እሰበስባለሁ፣ ጎንደር ወስጄ እሸጣለሁ። መካከል ላይ ግን መኪና አለ፤ መኪና ካለ ደግሞ ሹፌር አለ። በደርግ ጊዜ መኪና ጥቂት ነው፤ ሹፌር ማለት ንጉሥ ነበር። ሲፈልግ ይጭንሻል፣ ሲፈልግ «ነገ ነይ» ይልሻል፤ ነገ ስትመጪ ትናንት ሄዷል። አንድ የክረምት ቀን ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞ ከረጢቶቼን ጭቃ ላይ አወረደና የአንድ ቆዳ ነጋዴ ዕቃ ጫነበት። «ከፍዬሃለሁ እኮ!» ብዬ ብጮህ፣ «ጩኺ፤ መንገዱ ይስማሽ» ብሎኝ ሄደ። ነጭ ሽንኩርት ዝናብ ከመታው አበቃለት። ያ ሁሉ ድካሜ ዓይኔ እያየ ሲርስ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ፣ «የራሴን መኪና ካልገዛሁ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!» አልኩ። ከላም ጠባቂዎች በቀር የሰማኝ አልነበረም።

መማሉ ቀላል ነው። ደህናው መኪና ሁሉ የመንግሥት ወይም የማኅበር ነው፤ የግል የሆነውን ደግሞ በእኔ አቅም መመኘት እንኳ ያስቃል። የቀረኝ የወደቀው ነው። የእናቴን ወርቅ ሸጥኩ፣ ላሞቼን ሸጥኩ፣ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ አወጣሁት። ሊብሬውን፣ ያ የመኪናው መታወቂያ የሚሉትን ደብተር፣ ሲሰጡኝ በላዩ በቀይ ማኅተም «ከአገልግሎት ውጭ» የሚል ተመትቶበታል። ለባለቤቴ አሳየሁት።

«ምንድን ነው የገዛሽው?» አለኝ።

«ብረት።»

«ብረት ምን ይሠራል?»

«አንተ መካኒክ አይደለህ እንዴ? አንተ ንገረኝ!»

ባለቤቴ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲቆጣም ዝም ነው የሚለው። መኪናውን በሰው ኃይልና በሌላ መኪና አስጎትተን በራችን ላይ ስናቆመው ዞር ዞር ብሎ አየውና መዶሻውን አስቀመጠ። «ደም ያለበትን ብረት አልመታም» አለ።

ደሙ የማን እንደ ሆነ ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። መኪናው የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ሊማሊሞን ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለውና ገደል ገባ። ሹፌሩ ዘሎ ተረፈ፤ ከጭነቱ ላይ ተሳፍሮ የነበረ የጃናሞራ ጎልማሳ ግን ሞተ። ይህን እኔም ስገዛው አውቃለሁ። አዝኜለታለሁ፤ ግን ሐዘኔ መኪናውን ከመግዛት የሚያግደኝ አልመሰለኝም።

«እንግዲያው መዶሻውን ስጠኝ» አልኩት። ተቀበልኩና ካቢናውን መደብደብ ጀመርኩ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ያየኛል። መታሁ፣ መታሁ፣ በመጨረሻ የገዛ አውራ ጣቴን አገኘሁትና አምላክ የማይወደውን ሁሉ ተናገርኩ። ባለቤቴ በሳቅ ፍርስ አለ። «አምጪ እባክሽ፤ ብረቱን አታስለቅሺው» ብሎ መዶሻውን ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲያ አላስቀመጠውም።

ሻንሲውን፣ መኪናው የሚያርፍበትን ብረት፣ በእሳት እያጋለ አቀናው። ካቢናውን ከውስጥ ወደ ውጭ እየቀጠቀጠ የሰው ማስገቢያ አደረገው። ንዝረት የሚችለውን ባሌስትራ ከአንዱ ለመነ፣ ራዲያተር ከሌላው በሽንኩርት ለወጥን። ፍሬኑን ፈታው፣ ገጠመው፣ እንደገና ፈታው፤ «በቃህ» ስለው «ሊማሊሞ በቃኝ አይልም» ይለኛል። ሞተሩ የተነሳ ቀን ጭሱ ሰፈሩን ሸፈነው፤ እኔም ጭሱ ውስጥ ቆሜ እልል አልኩ። ጎንደር ወስደን አስመረመርነው። መርማሪው ከሥሩ ገብቶ፣ ረግጦ፣ ነቅንቆ ወጣና የመንገድ ፈቃዱን ቦሎ ሰጠን፤ ቀዩንም ማኅተም በሌላ ማኅተም ሻረው። ስንመለስ ካቢናው ውስጥ ከባለቤቴ ጎን ተቀምጬ፣ ዳባትን ሳልፍ በመስኮቱ ግማሽ አካሌን አውጥቼ ሰላምታ የሰጠሁትን ሰው ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው።

የገበያ ቀን ደረሰ። ገበያው ሲፈታ መኪናውን አደባባዩ ዳር አቆምነውና «ዳባት! ዳባት! ጎንደር!» እያልኩ መጣራት ጀመርኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንድ መኪና ሰው ይረጋገጣል። ያን ቀን ግን የሚያውቁኝ ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው እየሳቡ አለፉ። አንዷን የልብ ጓደኛዬን ክንዷን ያዝኳት።

«ምን ሆናችሁ? መኪና ፈርታችሁ ታውቃላችሁ?»

«መኪናውን አይደለም እህቴ። ደሙ አልደረቀም እኮ» አለችኝ፤ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቅቃኝ ሄደች።

እኛ አገር ሰው የገደለ ሰው ዝም ብሎ አይኖርም። ሽማግሌ ይልካል፤ ቀን ሲቆረጥለት አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ዘመዶች እግር ሥር ይወድቃል፤ «ማሩኝ» ይላል። ከማሩት ደሙ ደረቀ ይባላል። እስከዚያ ድረስ ከሟች ወገን ጋር አንድ መንገድ አይሄድም፣ ከሱ ጋር የሚሄድም ለራሱ ይፈራል። የዚያን መኪና ደም ማንም አላደረቀም። መሥሪያ ቤቱ አልመጣም፣ ሹፌሩ አልመጣም። ስለዚህ መኪናውን የያዘ ደሙን ይዟል፤ የጃናሞራ ሰዎች አንድ ቀን መንገድ ላይ ይጠብቁታል፤ እንዲህ ነበር የሚወራው።

«ምን አገባኝ! ብረት ነው የገዛሁት!» እያልኩ ለመጣ ለሄደው ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ! ገበሬው ሽንኩርቱን አልጭንም አለ። የራሴን ጭኜ ስሄድ እንኳ «ከዚያ መኪና የወረደ ነው» ብለው የማይነኩት ነበሩ። ባዶ መኪና እየነዳን ናፍታ ማቃጠል ሆነ ሥራችን። ቤቴ ውስጥ ከመደብ በቀር መቀመጫ አልቀረም፤ የነበረኝ ሁሉ በራችን ላይ በቆመው ብረት ውስጥ ገብቷል።

ጠበል ቢረጭበት ይሻል ይሆናል ብዬ ከዳባት አንድ ቄስ ለመንኩ። በእግራቸው መጡልኝ። ጸሎት አደረጉ፣ ከጎማ እስከ ጣሪያ ረጩልኝ፤ መሪውን ሳይቀር ባረኩት። ሲጨርሱ በሩን ከፍቼ፣ «ይግቡ አባ፤ ዳባት ድረስ እናደርስዎታለን» አልኳቸው።

ጥላቸውን አነሱ። «አይ ልጄ፣ በእግሬ ይሻለኛል።»

«እንዴ አባ! አሁን እርስዎ አይደሉ የባረኩት?»

«ጠበሉ ለሰይጣን ነው ልጄ። ደሙ ግን የሰው ነው» አሉኝና ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ሄዱ። ባለቤቴ ሳቁን ለመደበቅ የሞተሩን ኮፈን ከፍቶ ውስጥ ገባ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ተናደድኩ፣ እጅግ ተናደድኩ። በማግስቱ ስንቄን ቋጥሬ ወደ ጃናሞራ በእግሬ ተነሳሁ። የሟቹን አባት ፊት ለፊት ላገኛቸው።

መንገዱን ሁሉ ስሳደብ ነው የሄድኩት። ሽማግሌውን ከአውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ አገኘኋቸው። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው።

«እንደምን ዋሉ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«የመኪናው ባለቤት ነኝ።»

በሬዎቹን አቆሙ። የትኛው መኪና ብለው አልጠየቁኝም።

ያጠራቀምኩትን ሁሉ አወረድኩት። «እኔ ልጅዎን አልገደልኩም! ያን ጊዜ መኪናው የኔ አልነበረም። ብረት ገዛሁ እንጂ ደም አልገዛሁም። ቤቴ ተራቆተ። መኪናዬን ይልቀቁልኝ!»

«ተቀመጪ» አሉኝ።

«አልቀመጥም!»

«እንግዲያው ቆመሽ ስሚ። መኪናሽን እኔ አልያዝኩትም፤ ሰው ራሱ ፈርቶ ነው። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ነው። ልጄ ሲሞት ማንም አልመጣም ነው ያልኩት። ላም እንኳ ገደል ስትገባ ጎረቤት መጥቶ ‹እግዜር ይተካ› ይላል። ልጄን ከዚያ ገደል አውጥተን፣ ተሸክመን አምጥተን ቀበርን። መኪናው የማን እንደ ሆነ አገር ያውቃል። ጎንደር ወርጄ ጠየቅኩ፤ ‹ባለቤቱ መንግሥት ነው› አሉኝ። ‹ይሁን፤ የትኛው ነው መንግሥት? አሳዩኝ› ብላቸው ሳቁብኝ።»

«ካሳ ነው የሚፈልጉት?»

«ካሳውን ምን ላደርገው? ልጄን አልሸጥ! ‹አጥፍተናል፣ ማሩን› የሚለኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ንዴቴ አልበረደም። ዞረ እንጂ። እኔ ጭቃ ላይ የተጣለ ሽንኩርቴን አልረሳ ብዬ ቤቴን ያራቆትኩ ሴት፣ የኒህን ሰው ልጅ መሥሪያ ቤቱ እንደ ወደቀ ዕቃ ትቶ ሲሄድ እንዴት አልገባኝም አልኩ። ሳቁብኝ ያሉት ቃል ደግሞ ደሜን አፈላው።

«እኔ እመጣለሁ» አልኳቸው። «ድንጋዩን ተሸክሜ እመጣለሁ።»

«አሁን አልገደልኩም ስትይ አልነበር?»

«አልገደልኩም። ግን መኪናው አሁን የኔ ነው። ጌቶቹ ካላፈሩ እኔ አፍርላቸዋለሁ።»

«ሴት ለዕርቅ ድንጋይ ስትሸከም አይተን አናውቅም።»

«መኪና የገዛች ሴትስ አይተው ያውቃሉ?»

ጥርሳቸው ሲገለጥ ያየሁት ያኔ ነው። ሽማግሌ ልኬ ቀን እንዲቆረጥ ተስማማን፤ ጠላ አስቀዱልኝ፣ ተቀመጥኩም።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ደባርቅ ገባ። ገና እግሬን ሳልታጠብ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አስጠራኝ። ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ፣ ከኋላው ባለ ጠመንጃ ጥበቃዎች አቁሞ ጠበቀኝ።

«ጓዲት፣ ድንጋይ ልትሸከሚ ነው ይባላል።»

«አዎ።»

«ይህ እኮ የፊውዳል ርዝራዥ ነው።»

«ድንጋዩ?»

«አታሹፊ! ለመሆኑ የማንን ጥፋት ነው ይቅርታ የምትጠይቂው? መኪናው የመንግሥት ነበር። መንግሥት ሰው ገደለ ልትይ ነው በአደባባይ?»

«መኪና ገደለ ነው የምለው።»

«የማን መኪና?»

ሽጉጡን አየሁት። «አየሽ!» አለኝ፤ ወደ ኋላ ደገፍ ብሎ። «ይህን ነገር ብታደርጊ መኪናሽን እርሺው። ያን ቀይ ማኅተም ማስመለስ ለኔ አንድ ስልክ ነው። አንቺንም የምናስቀምጥበት አናጣም።»

ማታ ባለቤቴን ነገርኩት። «ተይው፤ ትንሽ ይቆይ፣ ሰው ይረሳዋል» አለኝ።

«ሽማግሌውስ ይረሳሉ?»

«መኪናውንም ከወሰዱት እኮ ምን ይቀረናል?» አለ። እውነቱን ነው። ቤታችንን ዞር ብዬ አየሁት፤ ምንም የለም። ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ግን ያ ሰው ሽጉጡን ዘርግቶ «እርሺው» ያለኝን ነገር ከተውኩት፣ መኪናው በራችን ቢቆምም የኔ አይደለም ማለት ነው። በዚያ ላይ ለኒያ ሽማግሌ እመጣለሁ ብያለሁ። እነሱ አልመጡም፤ እኔም ልቅር?

«ትነዳለህ ወይስ እኔ ልንዳው?» አልኩት። መንዳት እንደማልችል እሱም ያውቃል።

«ገደል ከምትገቢ እኔ እነዳለሁ» አለኝ።

የተቆረጠው ቦታ ሊማሊሞ አፋፉ ላይ ነው፤ መንገዱ ከደጋው ወደ ቆላው ከመታጠፉ በፊት፣ መኪናው ከወደቀበት ከፍ ብሎ። ባዶ መኪናችንን ይዘን ስንደርስ የጃናሞራ ወገን በአንድ በኩል ተሰልፎ ቆሟል። መካከል ላይ ሽማግሌዎቹና እኒያ የዳባት ቄስ መስቀላቸውን ይዘው አሉ። የደባርቅ ሰው ደግሞ ነገር ሸቶት ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። አንዱ ሽማግሌ ትንሽ ድንጋይ አሳየኝ፤ «ለሴት ይበቃል» አለ። እምቢ ብዬ ትልቁን አነሳሁ። አንገቴ ላይ ሳደርገው ወገቤ ተቀነጠሰ፤ ጎንበስ ብዬ ወደ ሰልፉ ሄድኩ። መሬት ብቻ ነው የሚታየኝ፤ መሬቱና የሰዎቹ እግር። የሽማግሌውን በረባሶ ጫማ ለየሁትና ከፊቱ ወደቅኩ።

«ስለ እመብርሃን ማሩኝ!»

መልስ የለም። ወጉ ነው፤ የሟች ወገን ቶሎ አይመልስም። ደገምኩት። ያን ጊዜ ከኋላዬ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ፤ ጥቁር ቡትስ ጫማ መጥቶ ከበረባሶው ፊት ቆመ።

«በቃ! ማን ፈቀደላችሁ? ተበተኑ!» ሊቀመንበሩ ነው። ከደባርቅ በእግሩ ስለ መጣ ያለከልካል።

አንድም እግር አልተነቃነቀም።

«አንተ ማነህ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው፤ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው።

«የቀበሌው ሊቀመንበር ነኝ! በመንግሥት ስም ነው የምናገረው!»

«መንግሥት ነህ?»

«አዎ! እዚህ መንግሥት እኔ ነኝ!»

ከዚያ ሁለት እጅ መጥቶ ድንጋዩን ከአንገቴ ላይ አነሳው። ቀና ስል ሽማግሌው ድንጋዩን አቅፈው ወስደው ከሊቀመንበሩ ጫማ አጠገብ አስቀመጡት።

«ተመስገን። ጎንደር ድረስ ወርጄ ያጣሁህ ሰው አንተ ነሃ! ዘገየህ እንጂ መጣህ» አሉት። «ልጄ የሞተ ጊዜ መኪናው ያንተ ነበር። ይህች ሴት የሰው ሸክም ነው የተሸከመችው። አንሳው። አንገትህ ላይ አድርገህ ማሩኝ በለኝ። እምርሃለሁ፤ በልጄ አጥንት፣ እምርሃለሁ።»

የሊቀመንበሩን ፊት አየሁት። እውነቴን ነው፣ አንድ አፍታ ጎንበስ የሚል መስሎኝ ነበር። እጁ ግን ወደ ሽጉጡ ሄደ፤ ከዚያ ሰውን አየ፣ ጥበቃዎቹን አየ። ጥበቃዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው፤ ድንጋዩን ነው የሚያዩት። እጁን መለሰ። «ይህ... ይህ ቅስቀሳ ነው!» አለ።

ሽማግሌው ትተውት ወደ እኔ ዞሩ። «ተነሺ ልጄ። ምሬሻለሁ። ያንቺ ደርቋል» አሉኝ። ወገኖቻቸውም «ምረናል» አሉ። ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙን፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሊቀመንበሩ አሁንም ይናገራል፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማሁትም።

«ደባርቅ! ዳባት!» ብዬ ጮህኩ።

መጀመሪያ የወጡት ቄሱ ናቸው። ከነጥላቸው ተሳፈሩ፤ እኔንም ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚያ ጓደኛዬ፣ ከዚያ የጃናሞራ ሰዎች፣ ከዚያ የደባርቁ ሁሉ። በመጨረሻ ከጥበቃዎቹ አንዱ ጠመንጃውን ለሰው አቀብሎ ወጣ፤ የቀሩትም ተከተሉት። ሽማግሌውን ካቢና ውስጥ ከመካከላችን አስቀመጥናቸው። መኪናው ተነሳ። ባለቤቴ በስፔኪዮው ወደ ኋላ አየና፣ «ሊቀመንበሩንስ በእግሩ እንተወው?» አለ፤ ሆዱ ቡቡ ነው።

«ድንጋዩን ይዞ ከመጣ ይሳፈር» አሉ ሽማግሌው።

እኔም በመስኮቱ ዞሬ አየሁት። መንገዱ ላይ ብቻውን ከድንጋዩ ጋር ቆሟል። አላነሳውም።

በማግስቱ መጥተው ወሰዱኝ፤ ቀበሌው ውስጥ ታሰርኩ። ባለቤቴ ስንቅ ይዞልኝ ሲመጣ የሚያነጋግረኝ በጠባቂ ፊት ነው። ልጠይቀው የፈራሁትን ጠየቅኩት።

«መኪናውን ወሰዱት?»

«ሊወስዱት መጥተው ነበር» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ሞልቶበት አገኙት። ‹ውረዱ፣ መኪናው ተወርሷል› ቢሏቸው፣ አንወርድም አሉ።»

«አንወርድም?»

«አንድ ሰው አልወረደም። ቆመው ቆመው እነሱ ሄዱ። እኛም ዳባት ገባን።»

«እሰይ!» አልኩ፤ ሊቀመንበሩ በግድግዳው በኩል እንዲሰማኝ አድርጌ።